ከጽዋው እግር ሥር

ይድረስ ለልጄ እጮኛ ለነበርሽው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። ባልሽና ልጆችሽ እንደምን ናቸው? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ የእጇ ስብራት ገጥሟል፣ ሊጥ ማቡካት ጀምራለች። ስለ እሷ ወደ ኋላ እጽፍልሻለሁ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት አራተኛ ቀኔ ነው፤ ታገሺኝ።

ልጄ ሜርተን የሞተ ጊዜ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። አልመለስኩልሽም። አሁን የምጽፍልሽ የቤተ ክርስቲያናችን የብር ጽዋ ስለተገኘ ነው። ዘንድሮ በፋሲካ ቆርበንበታል።

የጽዋውን ነገር ሜርተን ነግሮሽ ይሆናል። እኔ ግን አያቴ እንደነገረችኝ ልንገርሽ። ቱርኮች መንደሩን ባቃጠሉ ጊዜ፣ ልጆቻቸው የተማረኩባቸው እናቶች የብር ቀበቶአቸውንና የደረት ጌጣቸውን እያወለቁ ሰጡ። «ከእንግዲህ የምናጌጠው ለማን ነው?» አሉ ይባላል። የከተማው አንጥረኛ ብሩን አቅልጦ ጽዋውን ሲሠራ ሁለት ክረምት ፈጀበት። እግሩን እንደ አበባ ስድስት ቅጠል አደረገለት፤ አንገቱ ላይ የወይን ሐረግ አዞረበት። አንዷን የደረት ጌጥ ግን ሳያቀልጥ እንዳለች አንገቱ ላይ ተከላት። አያቴ የጌጧ ባለቤት እንባ ነው እሳቱን ያሸነፈው ትል ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ አንጥረኛው የጌጧ ሥራ አምሮት ነው።

መጀመሪያ ከጽዋው የሚጠጣው ካህኑ ብቻ ነበር። ሃይማኖታችን ሲለወጥ ለሁላችንም ሆነ፤ ጽዋው ግን አልተለወጠም። አንድ ጊዜ ወታደር ዘርፎት በአራት በሬ አስመለሱት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ መስፍን «ቅድመ አያቴ ያሠራው ነው» ብሎ ከሰሰ። ያን ጊዜ ገበዙ ምንም ሳይናገር ጽዋውን በዳኛው ፊት ገለበጠው። ከእግሩ ሥር፣ ጽዋውን የጠበቀ ገበዝ ሁሉ የቤቱን ምልክት በመርፌ ጭሮበታል፤ ከምልክቱ አጠገብ ደግሞ ለጠበቀው ለያንዳንዱ ፋሲካ አንድ አንድ ጭረት። ዳኛው ቆጥሮ ቆጥሮ ደከመውና «ይህ ጽዋ ጠባቂ እንጂ ጌታ የለውም» ብሎ ፈረደ።

ሜርተን ገበዝ ሆኖ ሦስት ፋሲካ ጠበቀው። በሦስተኛው ዓመት መከር የመንግሥት ሰዎች አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሊወስዱ ሲመጡ፣ «ጠፍቷል» አላቸው። የት እንዳደረገው ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔም ጭምር። ጀርመን አገር አብረን እንሂድ ስትዪው «ጽዋውን ለማን ጥዬ?» እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ማታ እራቱን ሳይበላ ነግሮኛል። አንቺ ሄድሽ። በሦስተኛው ሳምንት ጫካ ውስጥ እንጨት ሲቆርጥ ግንድ ተንከባልሎ ገደለው።

መንደሩ ያንቺን መሄድና የጽዋውን መጥፋት አንድ ላይ ሰፋው። ጎረቤቴ ሬጊና የውሃው ጉድጓድ ዳር «ጽዋው በሻንጣዋ ሄዷል፤ ይሄኔ ጀርመን አገር ቢራ እየተቀዳበት ነው» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀች። እናትሽን ከቤተ ክርስቲያን ወንበሯ ተነሺ ያላት የለም። እሁድ ስትመጣ ግን ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ቦታ አጣች። ሄዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እዚያው ቀረች። እኔም ቀሚሴን ዘርግቻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይሜሽ ነበር። ብትቀሪለት ኖሮ ጫካ አይወርድም ነበር እል ነበር። አሁን ሳስበው ብትቀሪም ለጎጆአችሁ እንጨት ያስፈልጋችሁ ነበር።

ዘንድሮ በጾሙ ወራት እናትሽ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ በረዶ አዳልጧት ወደቀች። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሕመሟን ለመሸሸግ ቀለደችብኝ፤ «በሩ አጠገብ መቀመጥ እኮ ጥቅም አለው፤ ስብከቱ ሲረዝም ቀድሜ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ቀድሜ የምወድቀውም እኔ» አለችኝ። ቤቷ ሳደርሳት ግን እጄን አልለቅ ብላ፣ «ያንቺ ልጅ ከነምስጢሩ ተቀበረ፣ የኔዋ ከነክፉ ስሟ ተሰደደች፤ እኩል ነን» አለችኝ። እኩል አልነበርንም።

በማግስቱ ጽዋውን ለአሁኑ ገበዝ ለጢልማን ወሰድኩለት። ጓሯችን ካሉት የገለባ ቀፎዎች ንብ በሌለበት በአንዱ ውስጥ ነበር። ሜርተን አንቺ በሠራሽለት ግራጫ የሱፍ ሻርፕ ጠቅልሎታል። ሻርፑ መጀመሪያ እሱን እሱን ይሸት ነበር፤ አሁን ሰም ሰም ይላል። ለሰው ሁሉ «ቀፎ ሳጸዳ አገኘሁት» አልኩ።

ጢልማን ብርሃን ላይ አድርጎ አየውና «ዘጠኝ ዓመት በቀፎ የኖረ ብር እንዲህ ያበራል እንዴ?» አለ። መነጽሩን አድርጎ ገለበጠው። የሜርተንን ሦስት ጭረት በጥፍሩ ቆጠረ። ከሜርተን ምልክት ሥር አንዲት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ አለች፤ አጠገቧ ዘጠኝ ጭረት አለ። እነሱንም ቆጠረ። ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። «ደህና ነው፤ አንድም ፋሲካ አልጎደለም» አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ዘንድሮው ማር ነው።

የፋሲካ ዕለት፣ ሌላው ሁሉ ጀርመን ሄዶ የቀረነው ሠላሳ እንኳ አንሞላም፣ ጢልማን ፊታችን ቆሞ «ጽዋው ከዚህ መንደር ወጥቶ አያውቅም» አለ። ከዚያ እስከ በሩ ሄዶ እናትሽን በደህናው እጇ ይዞ አመጣት። ቀሚሷን ቀድማ የሰበሰበችው ሬጊና ናት። «ነይ ግቢ እንጂ፣ አንቺ እዚያ ስትቀመጪ እኮ በሩ አይዘጋም፤ ስንት ዓመት አስበረድሽን» አለቻት። እናትሽም «ስንት ዓመት የዘረጋሽው ቀሚስ አላሞቀሽም?» ብላ ተቀመጠች። ሬጊና መሬት መሬት አየች። ጽዋው ሲዞር ከእኔ በፊት እናትሽ ጠጣች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጠርዙን ግን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ።

ጽዋውን ይወስዱ የነበሩት የመንግሥት ሰዎች ከሄዱ ሁለት ዓመት አልፏል። ይህን አንቺም በጋዜጣ አንብበሽዋል፤ ስለዚህ ጽዋውን ቀደም ብዬ ላወጣው እችል እንደነበር አልደብቅሽም።

ሻርፑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አላጠብኩትም። ለሠርግሽ ብዬ የጠለፍኩልሽን የትራስ ልብስ ካልጣልሽው፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ምልክቴን፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቧን፣ እያት። ካየሽ በኋላ ብትጽፊልኝም፣ ባትጽፊልኝም፣ ልክ ነሽ።

እናትሽን እሁድ እሁድ ከአጠገቤ አደርጋታለሁ። እግዚአብሔር ልጆችሽን ከዓይንሽ አይለይብሽ። ቤትሽ የእንግዳ እንጂ የሐዘን ወንበር አይዘርጋ። እጅሽ የሠራው ሁሉ የሚለብሰው አይጣ።

አማትሽ ልሆን የነበርኩት