ሱሪውማ አላጠረም

ስክራንተን፣ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 1909

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እናቴስ፣ እህቴስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ቀንቶኛል!

ሰኞ ከሰዓት የመጀመሪያ ትርኢታችን ነበር። እዚህ የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ያልወደደውን ተጫዋች፣ ደጅ የተሰቀለውን ፎቶግራፉን አውርዶ በእጁ ይሰጠዋል፤ ሌላ ቃል የለም፣ ሻንጣ አንስቶ መሄድ ነው። እኔንና ባልደረባዬን ዙፕኒክን ደግሞ መክፈቻ ላይ ጣለን። መክፈቻ የአክሮባቶች ቦታ ነው፤ ሰው ወንበሩን እያንጓጓ ሲቀመጥ ቀልድ ማን ይሰማል? ዙፕኒክ «አንቺ፣ ፎቷችንን ከአሁኑ ተቀብለን ብንሄድ አይሻልም?» አለኝ። «ዝም በልና ሆድህን ንፋ» አልኩት። በቀልዳችን እሱ ወፍራሙ ደንበኛ ነው፤ እኔ ልብስ ሰፊው።

አባባ፣ ልናዘዝ። ከቤት ስወጣ «አገር የሚስቅባት ልጅ የለችኝም» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን መድረክ ላይ የማወጣው እርስዎን ነው። ጢሙ የእርስዎ፣ ስፒል በከንፈር ይዞ መናገሩም የእርስዎ።

አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድም ሰው አልሳቀም። ላቤ ጢሜን ሊያወልቀው ደረሰ። ከዚያ ያቺን እርስዎ ሱቅዎ ውስጥ ለደንበኛ ሁሉ የሚሏትን ቀልድ ጣልኩ፤ «ሱሪውማ አላጠረም ጌታዬ፣ እግርዎ ነው መንገድ ላይ የረዘመው!»

ከላይ ከሰገነቱ አንድ ሰው ብቻውን ሳቀ። ሊያፍነው ሞክሮ ነበር፤ አፍንጫውን የሚናፈጥ መስሎ ጀመረና አመለጠው። ጎረቤቱ በሱ ሳቅ ሳቀ፣ ሰገነቱ ተከተለ፣ ከዚያ ቤቱ ተናጋ። የዙፕኒክ ሱሪ በእውነት ተቀደደ!

ሥራ አስኪያጁ ፎቷችንን ይዞ ሲመጣ ሻንጣዬን አነሳሁ። «ከሁሉም በላይ ልሰቅለው ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከመጨረሻው በፊት ትወጣላችሁ» አለን። የታላላቆቹ ቦታ እኮ ነው፣ አባባ! ዙፕኒክን አቅፌ አለቀስኩ።

እህቴ ሰኞ ሱቁ ተዘግቶ እንደዋለ፣ ጨርቅ ልገዛ ብለው ወጥተው ባዶ እጅዎን እንደተመለሱ ጽፋልኛለች። ምክንያቱን አልጠየቅኳትም።

የሰገነቱ ደረጃ ሰማንያ ነው፤ ለጉልበትዎ አይበጅም። ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበታችን እንደወጣ፣ በዋናው በር ይግቡ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወንበር አስይዣለሁ። በረኛው ማን ነዎት ካለዎት፣ የልብስ ሰፊው አባት ነኝ ይበሉት።

እግዚአብሔር ዓይንዎን ለመርፌው ቀዳዳ ያቆይልዎ።

ሴት ልጅዎ