ሦስት ቀን እዚያ፣ ሦስት ቀን እዚህ

ማክሰኞ

ዛሬም አልመረጣትም። ጃንደረባው የሴቶቹ ስም የተጻፈባቸውን ትንንሽ ጣውላዎች በትሪ ይዞ ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ራቱን እየበላ አንዷን ይገለብጣል፤ የተገለበጠችው ትጠራለች። የኔዋ እንደ ተቀመጠች ቀረች። የኔዋ የምላት ድምፅ የምሰጣትን ሴትዮ ነው። በቻይናው ተከታታይ ፊልም ውስጥ፣ በማንቹ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከነበሩት ሚስቶች አንዷ ናት፤ እኔ ደግሞ ቸርችል ጎዳና ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ በአማርኛ እሷን እሆናለሁ።

ቀረጻውን የሚመራው ዮናስ «ሰብልዬ፣ ትንሽ ሐዘን ጨምሪበት» አለኝ። ከየት አባቴ ላምጣለት?

ማታ ታደሰ ደወለ። ባሌ። ከሌላ ሴት ጋር መኖር ከጀመረ ስድስት ወሩ። ወልዳለታለች። አሁን ሁለታችንንም ፈለገ። «ሦስት ቀን እዚያ፣ ሦስት ቀን እዚህ እሆናለሁ። እሑድ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ መልስሽን እሰማለሁ» አለኝ። ሰባተኛውንስ ቀን ልለው ነበር፤ ተውኩት። «እሺ» ብዬ ዘጋሁ። እሺ ያልኩት ለምኑ እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ

የሴቶቹ ማዕረግ ራስ ያዞራል። ከላይ እቴጌዋ፣ ከዚያ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ። ሐሩም፣ ገረዱም፣ የክረምት ከሰሉም በደረጃቸው ነው የሚሰፈርላቸው። ተርጓሚያችን ሁሉንም «ዕቁባት» ብሎ ሲጽፍ ዮናስ «ኧረ ሰው እንዳይሰድበን፣ እመቤት በላቸው» አለው። የኔዋ ከመሀል በታች ናት። በየጆሮዋ ሦስት ሦስት ጉትቻ አላት፤ የሚያይላት ግን የለም።

ባልቀበለው፣ ብቀበለው ብዬ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞከርኩ።

ብቀበለው፦ ጣራው ያፈሳል፣ መላውን የሚያውቀው እሱ ነው። እናቱ ይወዱኛል። አሥራ አራት ዓመት ቀላል አይደለም። ጎረቤት «ባሏ ጥሏት ሄደ» አይለኝም።

ባልቀበለው፦

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። አልከፋኝም፣ አልተናደድኩም። ምንም።

ሐሙስ

ዛሬ ፀጉሯን ቆረጠች። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆማ፣ በመቀስ። ጃንደረቦቹ መሬት ላይ ተደፉ። ተርጓሚው «ተናዳ ፀጉሯን ቆረጠች፣ አበቃ» ይላል። አላበቃም እንጂ! እዚያ አገር ሴት ፀጉሯን የምትቆርጠው ንጉሡ ወይም እናቱ ሲሞቱ ነው። እኛስ ለሞተ ሰው አይደል የምንላጨው? «ለእኔ ሞተሃል ማለቷ ነው» አልኩት። ዮናስ «በይ እንደዚያ በይው» አለ። በአንድ ጊዜ ቀረጻ አለቀ። ዮናስ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ሻይ ጠጣሁ።

ስመለስ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት ገባሁ። «ላጪኝ» አልኳት ልጅቷን። «ውይ፣ ሐዘን ነው እንዴ እትዬ?» ማስረዳት ደከመኝና «አዎ» አልኩ። «ማን?» አለች። «ባሌ» አልኩ። ወይ የኔ ነገር! ነጠላ ተከናንቤ ወደ ቤት ገባሁ።

ዓርብ

ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ፀጉር ሠሪዋ ለደንበኛዋ፣ ለጎረቤቴ ለእትዬ በላይነሽ ነግራለች፤ ለእሳቸው መንገር ደግሞ ለመንደሩ ጥሩምባ መንፋት ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ «ታዴዬ! ታዴዬ!» ይላሉ። የወሎዋ እትዬ ዘሃራ እጄን ይዘው «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። የእድሩ ጸሐፊ ቀብሩ የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አልሞተም» አልኩ።

ስድስት ወር ሙሉ «ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው» እያልኩ ስዋሻቸው ኖሬያለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሴትዮዋን፣ ልጁን፣ የእሑዱን ሽምግልና። እትዬ በላይነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው «በቁሙ ቀበርሽው እኮ!» አሉ። ጸሐፊው ወንበሩን ሊያነሣ ሲል እትዬ ዘሃራ ተቆጡት። «ተው! ልጅቷ ሐዘንተኛ አይደለችም እንዴ?»

ተቀመጡ። እኔም መሀላቸው ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ግን ማንም አልቅሺ አላለኝም።

ቅዳሜ

ታደሰ እየጮኸ ደወለ። የሞቱ ወሬ ቢሮው ደርሶ፣ ከቢሮው እናቱ ጋ ደርሷል። እናቱ ጮኸው ወድቀዋል አለ። ይሄ ብቻ ነው ትንሽ የወጋኝ። የእሳቸው ምን ጥፋት ነበረበት? ሞኝ ነኝ። ወዲያው ደወልኩላቸው። «እማማ፣ ደህና ነው፣ በሕይወት አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ «አንቺስ ልጄ? አንቺስ አለሽ?» አሉኝ።



እሑድ

ሦስት ሽማግሌዎችና ታደሰ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ከዓርብ ጀምሮ አብረውኝ የሚቀመጡት የጎረቤት ሴቶች ከወንበራቸው አልተነሡም። ታደሰ በሩን አልፎ ሲገባ እትዬ በላይነሽ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና «ነፍስ ይማር» አሉት። የሳቀ የለም።

ትልቁ ሽማግሌ ብዙ ተናገሩ። ቤት የሚቆመው በመቻቻል ነው፣ ወንድ ልጅ ይሳሳታል፣ ሦስት ቀንም ቀላል አይደለም። ታደሰ ዓይኑን ከተላጨው ራሴ ላይ አልነቀለም። «እስቲ አንቺ ምን ትያለሽ ልጄ?» አሉኝ።

ምንም አላዘጋጀሁም ነበር። «አባቶቼ፣ ስለ ደከማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የኔን ሦስት ቀን ለልጁ ይስጠው። እኔ ጋ አይመለስ።» ድምፄ ሻካራ ነበር፤ ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን ዮናስ ድገሚው ይለኝ ነበር። እዚህ ያስደገመኝ የለም።

ታደሰና ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። ሴቶቹ ወንበሩን ለሁለት ለሁለት ተሸክመው ወጡ።

ልክ ይሁን ስሕተት አላውቅም። ጣራውም እንደሚያፈስ ነው። አሁን እንባዬ ይመጣል ብዬ ብቻዬን ተቀምጬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ራበኝ እንጂ። እንዲህ ከራበኝ ስንት ጊዜዬ! እትዬ ዘሃራ ያመጡልኝን ምስር ወጥ ሳላሞቅ፣ ቆሜ በላሁ። ደግሜ ጨመርኩ።