«ኮምፒውተር ሲበራ አይተን እናውቃለን»

ለተከበሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡርነትዎ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በዚህ በግንቦት ሙቀት ለቢሮዎ ማቀዝቀዣ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። ስሜ ወልደጻድቅ ይባላል፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። የሌላውን ሰው ብሶት በአክብሮት ቃል ስጠቀልል ነው የኖርኩት፤ ስለ ራሴ ቤት ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ አክብሮቱ ቢጎድል ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ። የኮሌጁን ስም በአደባባይ አልጠራም። የእርስዎንም ስላልጠራሁ አይቀየሙኝ።

ልጄን ሃኒን ምናልባት ያስታውሷት ይሆናል፤ ከአምናዎቹ ተመራቂዎች አንዷ ናት። ሦስተኛ ዓመት ሳለች ታይዋን ገበያ አሮጌ ኮምፒውተር ከሚሸጠው ከዑመር ዘንድ አንድ ሳጥን ገዝታ መጣች። ዑመር ሐቀኛ ሰው ነውና «ወላሂ ይቺን ላንቺ መሸጥ ያሳፍረኛል አቦ፤ ትበራለች፣ ወዲያው ድርቅ ትላለች» እያላት ነው የወሰደችው። እውነቱን ነበር። ሳቢያን ባለው ቤታችን፣ ከተማው ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ እሷ ከዚያ ሳጥን ጋር ትታገል ጀመር። ባለቤቴ ዝናሽ እርጥብ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግላትና «ይሄ ዕቃ ባል አይሆንሽ!» እያለች ትሄዳለች።

እኔ ግን አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት ሥራዋን ትታ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ትዞራለች።

«አባዬ፣ ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ከርነል የሚባለው ዋናው ፕሮግራም ነው። ሚሞሪውን፣ የሥራ ቦታውን ማለት ነው፣ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ግን አከፋፋዩ ራሱ ሥራ ለመጀመር ቦታ ያስፈልገዋል። እሱ ገና ሳይቋቋም ለእሱ ቦታ የሚሰጠው ማነው?»

«ማነው?» አልኳት።

«ጊዜያዊ አከፋፋይ አለ። የቱ ቦታ ባዶ እንደሆነ፣ የቱ እንደተያዘ ለይቶ ይሰጣል፤ ዋናው ሲቆም አስረክቦ ይሄዳል። የዚህ ሳጥን ሚሞሪ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቷል። ጊዜያዊው ሳያውቅ ዋናውን እዚያው ላይ ያሰፍረዋል፣ ለዚህ ነው የሚደርቀው።»

እሷ ያሰበችው፣ ይህ ጊዜያዊ አከፋፋይ ቦታውን ከመስጠቱ በፊት እንዲፈትሸውና የተበላሸውን ማንም እንዳይደርስበት አስቀድሞ እንዲያጥረው ነው። «ደቻቱ ወንዙ መሄጃ ላይ ቤት እንዳይሠራ እንደማለት» አለችኝ። የደቻቱ ጎርፍ እኅቴን የወሰደብኝ ሰው ነኝና ከዚያ ወዲያ ሌላ ማብራሪያ አልፈለግሁም።

ብዙ ወራት ፈጀባት። መብራት ሲጠፋ እየጠበቀች፣ ሲመጣ እየሮጠች ቆይታ፣ አንድ ቀን ሳጥኑ በራ፤ አልደረቀም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል እየተደረደረ ወረደ። ዝናሽን ጠርተን ሦስታችንም ቆመን አየን። ዝናሽ «ይኸው ነው?» አለች። ሃኒ «ይኸው ነው» ብላ ሳቀች፤ ከዚያም ፊቷን በፎጣው ሸፍና አለቀሰች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የመመረቂያ ሥራዋን የምታቀርብ ዕለት ጃኬቴን ለብሼ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጤን ክቡርነትዎ ልብ አላሉ ይሆናል። ጓደኛዋ ሀምዲያ ስክሪኑን፣ እሷ ሳጥኑን ታቅፈው በባጃጅ መጡ። መጀመሪያ ያለ እሷ ሥራ አበራችው፤ ደረቀ። ቀጥላ ከነሥራዋ አበራችው፤ ተነሣ። እጇን እያወዛወዘች፣ ለእኔ እንዳስረዳችኝ አድርጋ አስረዳች። በክፍሉ ውስጥ ነገሩ የገባው ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ያወቅሁት ጥያቄው ሲጀመር ነው።

አንደኛው ፈታኝ «ሎግ ኢን ፔጁ የታለ?» አሉ። ሁለተኛው «ዳታቤዝሽ ምንድነው?» አሉ። ሃኒ «መምህር፣ ይሄ ሥራ የሚሠራው ዳታቤዝ የሚባል ነገር ገና ሳይኖር ነው፤ ሌላው ፕሮግራም በሙሉ…» ብላ ስትጀምር ክቡርነትዎ በአባትነት ድምፅ አቋረጧት፤

«የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተር ሲበራ አይተን እናውቃለን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃኒም ከሰዉ ጋር ለመሳቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እሺ አላላትም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ ልጄን ከከንቱ ልፋት ስላዳኑልኝ አመሰግናለሁ። ሥራዋን ጥለው «ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም፣ ለምሳሌ የሆቴል ክፍል ማስያዣ ሲስተም ሠርተሽ ተመለሺ» ባሏት መሠረት፣ እናቷም «እሺ በያቸውና ተመረቂ፣ ልጄ» ስላለቻት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ሌሎች ተማሪዎች የሚገዙትን የተዘጋጀ ሥራ ገዛች። ያደረገችው ነገር ቢኖር የፊት ገጹ ላይ ስሟን መጻፍ ነው። ሥራው ሐዋሳ ላለ ሆቴል የተሠራ ስለነበር «ሐይቅ የሚታይበት ክፍል» የሚል ምርጫ ነበረው። ድሬዳዋ ውስጥ ሐይቅ የሚታየው ከየትኛው መስኮት እንደሆነ የጠየቀ ፈታኝ አልነበረም። ሎግ ኢን ፔጅ ስለነበረው «ኤ» ሰጣችኋት።

፪ኛ/ በትምህርት ክፍልዎ አድልዎ እንደሌለ ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ሀምዲያ እንደነገረችኝ ያንኑ ሐይቅ ያዩት ተመራቂዎች ብዙ ናቸው።

፫ኛ/ ቤቴን ጸጥ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ውጤቷን ይዛ የመጣች ዕለት ዝናሽ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የልጇን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። በማግስቱ ሃኒ ሳጥኑን በባጃጅ ጭና ለዑመር መለሰችለት። ዑመር ራሱ ነው የነገረኝ፤ አብርቶት ሲያይ ሠራለት፤ «እንዴ፣ አድነሻታል እኮ! ለምን ትመልሽያለሽ አቦ?» ቢላት «አያስፈልገኝም» ብላው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ቤታችን እንደ ከተማው ሁሉ ይተኛል።

አሁን ጅቡቲ፣ የእናቷ ዘመድ ዘንድ ናት፤ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። በደህና ትውላለች፣ በደህና ታድራለች። ባለፈው እሑድ ስንደዋወል ነገር ላስጀምራት ብዬ፣ ስንት ቀን ሳሰላስለው የቆየሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት፤ «ያ ጊዜያዊ አከፋፋይ ለዋናው አስረክቦ ሲሄድ፣ ራሱ ይዞት የነበረው ቦታ ምን ይሆናል?» አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃኒ?» አልኩ።

«አባዬ፣ እሱን ተወው» አለችኝ፤ ጨዋ ልጅ ናትና ወዲያው የእናቷን ደም ግፊት ጠየቀችኝ።

መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እርስዎን እንዳልጠይቅ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ።

ክቡርነትዎ፣ በሙያዬ ማንኛውም ማመልከቻ ሲያልቅ «የሚጠየቀው ዳኝነት» የሚል ክፍል አለው። መሬቱ ይመለስልኝ፣ ቀለቡ ይቆረጥልኝ፣ ውሳኔው ይሻርልኝ ይባላል። ለሌላው ሰው ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው ይህ ክፍል ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ባዶውን አለ። ውጤቷ «ኤ» ነው፤ ምን ተብሎ ይሻራል? ስለዚህ ምንም ሳልጠይቅ መዝጋቴን በመልካም እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ፊትዎ የሚቀርበው ሥራ ሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እንዲሆን፣ የሳቅ ጊዜም እንዳይጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ወልደጻድቅ፣ የሃኒ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሌጅዎ ወደ ሳቢያን በሚወስደው መንገድ ላይ ባሰቀለው ትልቅ ማስታወቂያ ላይ፣ «የፈጠራ ባለሙያዎች መፍለቂያ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ፣ ጋዎን ለብሳ የምትስቀው ልጅ የእኔ ናት። የሳቀችው ፎቶ አንሺው «ሳቂ!» እያለ ደጋግሞ ስለተቆጣት ነው። ይውረድልኝ ብዬ ግን አልጠይቅም፤ ዝናሽ እዚያ ጋ ስትደርስ የባጃጁን ሹፌር «ቀስ በልልኝ» ትለዋለች፣ አሁን ልጇን የምታያት እዚያ ብቻ ነውና።