የአንዲት እናት «ሂዮቴ» እና የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ

ለተከበሩ የልዩ ሕክምና መግቢያ ፈተና አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የኮሚቴው አባላትና መልስ የሚያርመው ኮምፒውተር ጤንነት እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኛ በሞሬሊያ ከተማ ደህና ነን። እህቴ ቻዮ ብቻ የልጇ የዶክተር ኤሬንዲራ ውጤት ከተሰማ ወዲህ የኮሚቴውን ስም እያነሣች ሳህን ታጥባለች፤ እስካሁን ሦስት ሰብራለች። ኤሬንዲራ የቆዳ ሐኪም ለመሆን ተወዳድራ በአንድ ጥያቄ ቀርታለችና፣ ስለዚያች ጥያቄ ምስጋናዬን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጥያቄዋ እንዲህ ትላለች፦ ከገጠር የመጣች እናት ልጇን ለሐኪም ስታሳይ «ሂዮቴ ወጣበት» አለች፤ በሽታው ምንድን ነው? ፎቶግራፍ የላትም። የወደፊት የቆዳ ሐኪሞቻችን ቆዳን በጆሯቸው እንዲመረምሩ በማሰባችሁ እጅግ ተደንቄአለሁ።

ሁለተኛ፣ እናንተ ባላችሁበት በዋና ከተማው ሂዮቴ ማለት ልጆች ፊት ላይ ነጣ ብሎ የሚወጣው፣ ቅባት ሲቀቡት የሚጠፋው ነገር ነው። ኤሬንዲራ የአገልግሎት ዓመቷን በጨረሰችበት በሳን ማቲያስ ተራራ ግን ሂዮቴ ክብ ሠርቶ የሚያሳክክ ጭርት ነው። የመንደሩን ትምህርት ቤት ግማሽ ያከመችው እሷ ናት። «አክስቴ፣» አለችኝ፣ «እኔ እኮ እናትየዋን አውቃታለሁ። እዚያ ሂዮቴ ብላ የመጣች ሴት ሁሉ ጭርት ነው ያሳየችኝ።» ስለዚህ ጭርት ብላ መለሰች። ኮምፒውተሩ ተራራ ወጥቶ ስለማያውቅ «ስህተት» አላት።

ሦስተኛ፣ አቤቱታዋን ስልክ አንሥቶ የሰማው ባልደረባችሁ ላሳየው ትሕትና ምስጋና ይገባዋል። ሁሉን አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ዶክተር፣ ጥያቄው እንኳ ትክክል ነው፤ ስህተቱ የእናትየዋ ነው» አላት። ኤሬንዲራ ስልኩን ዘግታ እየሳቀች ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ስትወጣ ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ቻዮም «ሽንኩርት ሳይኖር የሚያስለቅስ ማድ ቤት የእኛ ብቻ ነው» ብላ ሸፈነችላት።

ደግሞ የጎረቤታችንን የዶኛ ኔናን ልጅ ማቲልዶን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ነው። ገጠርን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ያየ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አብሯት ተፈትኖ የቆዳ ሕክምናውን ቦታ አገኘ። እንኳን ደስ አለህ ልንለው ስንጠራው የበቆሎ ኮሩንዳውን እየበላ፣ «እኔማ ትርጉሙን ሸመደድኩት እንጂ በሽታውን አይቼው አላውቅም። ኤሬ፣ ፎቶ ካለሽ እስቲ አሳይኝ» አላት። ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ በስልኳ እያሳየች አስረዳችው። የአንደኛውን ዓመት ትምህርት ያለ ደመወዝ አስጀመረችላችሁ ማለት ነው፤ ምስጋናው ለእናንተ ይሁን።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሕጋችሁ አመልካች አንድ ሙያ አስቀድሞ መርጦ ስለሚፈተን፣ በዚያው ውጤቷ ሌሎች የሕክምና ክፍሎች በሯን የሚያንኳኩላት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያለ ቦታ ትቀመጣለች። ከሳን ማቲያስ እስከ ቅርቡ የቆዳ ሐኪም የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ተመልሳ እንድትመጣ የጠየቋት እናቶች፣ ለካ በአነጋገራቸው የራሳቸውን ሐኪም ፈተና ላይ ጥለዋታል።

«ሌላ ሙያ ምረጪና ይገላግልሽ» ብላት፣ «አክስቴ፣ እሱ የሚገላግለው ኮሚቴውን ነው» አለችኝ። ተመዝግባለች፤ በመጪው ዓመትም የቆዳ ሕክምና ብላ ነው የሞላችው።

ለሀገር ጤና የምታፈሱት ላብ እንዳይደርቅ፣ የምታወጡት ጥያቄ እንዳይነጥፍ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ

አክባሪዎ
ኩካ ሳልሴዶ፣ ሞሬሊያ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለኤሬንዲራ ሳነብላት አንድ ነገር ብቻ እንድጨምርላት ለመነችኝ። በሚመጣው ዓመት እናትየዋን መልሳችሁ ካመጣችኋት፣ የየት መንደር ሰው እንደሆነች አብራችሁ ጻፉልኝ ብላለች።