በጥፍር ሲመቱት የማይጮኽ ጎማ

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ አባዬ? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ሐይቁ ዳር የምታደርገው የእግር ጉዞህ እንዴት ነው? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ ዛሬም ደረጃውን እየረገመች ነው የምትወርደው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴን ያ ጉንፋን ለቆታል። የልጅ ልጆችህ ቁመት ብቻ ነው የሚጨምሩት፤ የሱሪያቸውን ጠርዝ እየፈታሁ ማስረዘም ታክቶኛል። ስፌት ቤቱም ሥራ አላጣም፣ ተመስገን ነው።

ጤናህን የጠየቅኩህ ግን ለወጉ ነው። መልስህን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። ጣራ ተደርምሶብህ ከሥር ሆነህ ብትጠየቅ እንኳ ደህና ነኝ፣ እናንተ አትጨነቁ የምትል ሰው ነህ። ስለዚህ አንተን ትቼ የራሴን ላውራህ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መሀል ላይ ተናደህ እንዳታስቀምጠው።

አንደኛ ነገር፣ ብስክሌትህን አልሸጥኩትም። ወደ ሐይቁ ስትዛወሩ ደጃፌ ላይ አቁመኸው፣ ሽጪው፣ ብስክሌት የልጅ ጨዋታ ነው፣ ሰልችቶኛል ብለኸኝ ሄድክ። የልጅ ጨዋታ! ዕድሜህን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ያደረስክበትን፣ እኔን ከኋላ አስቀምጠህ ትምህርት ቤት ያመላለስክበትን ብስክሌት! ያቺ ቃል ምን ያህል እንዳስከፋችኝ አትጠይቀኝ። መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እስከ ዛሬም የደንበኞቼን ልብስ የማደርሰው በብስክሌት ነው። እኔም ጭምር የሰለቸሁህ መሰለኝ። አኮረፍኩህ። በደወልክ ቁጥር ሰላምታዬን ጥድፍ አድርጌ እማዬን አቅርብልኝ ስልህ ሳይገባህ አልቀረም።

ከዚያ የእህቴ ሠርግ መጣ። ብርጭቆህን በሁለት እጅህ ይዘህ አየሁህ። የኮትህን ቁልፍ እማዬ ስትቆልፍልህ አየሁ። ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ አባዬ፣ ቀዳዳው ጠባብ እንዳልሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እጅህን ምን ሆንክ ብልህ፣ ምን ይሆናል ብለህ ኪስህ ውስጥ ሸጎጥከው። እውነቱን ያወጣችው እማዬ ናት፤ ጓዳ አስገብቼ መቆሚያ መቀመጫ ባሳጣት ነው የነገረችኝና እንዳትቆጣት። ያን ሁሉ ዓመት በድንጋይ መንገድ ላይ መንገጫገጭ እጅህን እንደጎዳው፣ መሪ ስትጨብጥ ጣቶችህ እንደሚደነዝዙ፣ አንድ ቀን ፍሬን መያዝ አቅቶህ አጥር ውስጥ እንደገባህ ነገረችኝ። ሐኪሙ መንዳት ከልክሎታል ወይ ስላት፣ መንዳቱን ሳይሆን መንገጫገጩን ነው የከለከለው፣ ግን የማያንገጫግጭ ብስክሌት ከየት ይመጣል ብላ አለቀሰች። ደግሞ የብስክሌት ደወል በተሰማ ቁጥር ተነስተህ ወደ መስኮቱ ትሄዳለህ አሉ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የሰለቸህ ብስክሌቱ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ። ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ጎሚስታ ታስታውሰዋለህ፤ አይቸኩሌ የምንለውን፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ የጫማውን ክር አስሮ የሚወጣውን። ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ሁለት ወፋፍራም የብስክሌት ጎማ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መጣና የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ። ጨርቅ አዋቂ ነሽና እስቲ ዳሰስ አድርጊው አለኝ። የምቆርጠው ሐር ላይ ጎማ ይጣላል? ልጮኽበት አፌን ስከፍት እጄ ጎማውን ነካው፤ አፌን መልሼ ዘጋሁት። እኔና አንተ የምናውቀው ጎማ ብትረግጠውም ቅርፁን የማይለቅ ደረቅ ነገር ነው። ይሄን ግን አጠፍኩት፣ ታጠፈ። በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኩት፣ ተቆነጠጠ። ከውስጥ በኩል ስገለብጠው ክሩ ይታያል፤ ቀጭን፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ክር፣ ላስቲኩ ከላዩ ስስ ሆኖ የተቀባ። ጎማ ከሥሩ ጨርቅ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን መቀሱ ከእጄ ወደቀ። እንደ ምንም ገዛሁትና ለባለቤቴ ግማሹን ብቻ ነገርኩት፤ ግማሹን ሰምቶ ወንበር ፈለገ።

የኔዋ ብስክሌት ጠባብ ስለሆነች ወፍራም ጎማ አታስገባም። ያንተ የፖስታ ቤቱ ግን፣ እንደምታውቀው፣ ሰፊ ነው። ከግድግዳው አወረድኩት። አይቸኩሌ ጎማዎቹን አስገባልኝና ነፋሱን እኔው ልሙላ ብዬ ፖምፓውን ከእጁ ነጠቅኩት። የማን ልጅ ነኝ? ያስተማርከኝን ሕግ መቼም አልረሳም፤ ጎማ በጥፍር ሲመቱት ካልጮኸ ጎማ አይባልም። ወገቤ እስኪቆረጥ ነፋሁ። በጥፍሬ ስመታው ቂው አለ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከገበያው ጀርባ ካለው የድንጋይ መንገድ ስደርስ ግን ያው በገሌ! ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ፣ ቅርጫቴ ውስጥ ያለችው የመርፌ ቆርቆሮዬም እንደ ልማዷ ካር ካር ካር እያለች ሰፈሩን በላዬ ሰበሰበችው። ያ ሁሉ ወጪ ለዚህ ነው እንዴ? በገንኩ። አይቸኩሌን አፍ አፉን ልለው ብመለስ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል፤ በሕይወቱ የፈጠነው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ካፖርት ላደርስ በዚያው መንገድ ሄድኩ። ንዴቴ ስላልበረደ ጎማውን ዞር ብዬም ሳላየው ነው የወጣሁት። የድንጋይ መንገዱ መሀል ስደርስ አንድ ነገር ጎደለኝ። ቆርቆሮዬ ዝም ብላለች። ጣልኳት ብዬ ደንግጬ ወረድኩ። ቅርጫቱን ባየው ቁጭ ብላለች፣ ክዳኗም አልተከፈተም። ጎማውን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ገባ አለልኝ፤ ለካ የነፋሱን አፍ በደንብ ሳላጠብቀው ሲያፈስ አድሮ ኖሯል። ተመልሼ ወጥቼ ነዳሁ። እንዴት ብዬ ልንገርህ አባዬ? ድንጋዩ አለ፣ ታየዋለህ፣ ግን አንተ ዘንድ አይደርስም። ጎማው ዋጥ ያደርገውና ያልፋል። እጄን መሪው ላይ ጣል አድርጌ ብቻ ነው የሄድኩት፣ ሳልጨብጥ። መንገድ መሀል ቆሜ ለጎማ አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል?

አይቸኩሌ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። ድንጋይ እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ ርካሹን ለምን አልገዛሽም፣ የዚህ ዋጋው እኮ ልስላሴው ነው አለኝ። ሳስበው ልክ ነው። እኔስ ጥሩ ጨርቅ ስታርች ነክሬ ባደርቀው ካርቶን አይደል የሚሆነው? እኛ ቤት ግን ሁሉ ነገር እስኪጮኽ ነው የሚነፋው። አንተ ሲያምህ አትናገርም፤ እኔ ሲከፋኝ አልናገርም፣ አኮርፋለሁ። ይህን ስሰፋ ስውል ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

አሁን ምን እንደምትል አውቃለሁ። ወፍራም ጎማ የሰነፍ ነው፣ የባልቴት ነው፣ አይሮጥም። ስማ እንግዲህ። ከጡብ ፋብሪካው በታች ያለውን የተሰባበረ አስፋልት ታውቀዋለህ። እሁድ እሁድ ጠባብ ቁምጣ ለብሰው የሚነዱት ጎረምሶች በዚያ ቀጭን ጎማቸው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ጉድጓድ እየሸሹ፣ ከኮርቻቸው ተነስተው ሲንቀጠቀጡ ደረስኩባቸው። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ የሰው ካፖርት ጀርባዬ ላይ አስሬ፣ በመሀላቸው ሽው አልኩ። አንዱ፣ እትዬ፣ ሞተር አስገብተሽበታል እንዴ ብሎ ጮኸብኝ። እትዬ ማለቱ ቢያበሽቀኝም ደወሌን ደውዬለት ሄድኩ። ደህናው አስፋልት ላይ መልሰው ቀድመውኛል፣ አልዋሽህም። ዳገቱም ላይ እንዲሁ፤ እሱ ግን የጎማው ጥፋት አይደለም፣ የጉልበቴ ነው።

እንከን የለውም አልልህም። ላስቲኩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል ይላል አይቸኩሌ። ነፋሱ ከልክ በላይ ሲጎድል ደግሞ መታጠፊያ ላይ ይዋዥቃል፤ አንዴ ለትንሽ ከመውደቅ ተርፌያለሁ። ተበስቶብኝም ያውቃል። የበሳው ግን እሾህ እንዳይመስልህ፤ ከእጅጌዬ የወደቀ የራሴ መርፌ ነው። አይቸኩሌ መርፌዋን ነቅሎ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ሁለተኛ ስፌት ቤት በር ላይ እንዳላቆመው አስጠነቀቀኝ። እናንተ ደጅ መርፌ ስለሌለ ይሄ አያሳስብህ።

ሰፈሩ የሚስቅብኝ ግን በጎማው አይደለም። ኮርቻው ከፍ ያለ ስለሆነ ፔዳሉ ላይ የምደርሰው በእግሬ ጣት ጫፍ ነው፤ እንደ ዳክዬ ግራና ቀኝ እየተወዛወዝኩ ነው የምሄደው። ማታ ማታ ወገቤን ሲያመኝ ባለቤቴ፣ ምናለ ይሄን ኮርቻ ዝቅ ብታደርጊው እያለ ይጨቀጭቀኛል። አይቸኩሌም ሳልጠራው መፍቻ ይዞ መጣ። ተወው፣ ብሎኑ ዝጓል፣ ብትነካው ይሰበራል ብዬ መለስኩት። ያን ብሎን ዘይት እየቀባህ የኖርክ አንተ ነህ፤ መዛግ አለመዛጉን ታውቀዋለህ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠህ የአውቶቡስ ሹፌር ሌላም ዕቃ ጣራ ላይ ጭኗል፤ ትናንት ነው ያስረከብኩት። እሱን የምትቀበለው እማዬ ናት፣ ተነጋግረናል። እንግዲህ ጓሮ ና ብላ ስትጠራህ ደህና ነኝ ብለህ እንዳትመልስላት። ሂድ። ጥፍርህን እንዳታሳርፍበት። በአውራ ጣትህ ጫን በለው፤ ትንሽ እሺ ካለህ ይበቃዋል፣ ፖምፓ ፍለጋ እንዳትሄድ። ፍሬኑን አይቸኩሌ አላልቶታል፣ በሁለት ጣት ይያዛል። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ያለውን ለስላሳውን መንገድ፣ ከዚያ ልብህ ሲፈቅድ እዚያው ያለውን የድንጋይ መንገድ። ከዚያ ጻፍልኝ፤ ደህና ነው ብቻ ካልከኝ አልቀበልም፣ የተሰማህን ጻፍ። እጅህ እምቢ ካለህም አትደብቀኝ አባዬ፤ ሌላ መላ እንፈልጋለን። እኔም ማኩረፌን ትቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት በራሴዋ ብስክሌት ሥራ ላደርስ ወጥቼ ነበር። የድንጋይ መንገዱ ላይ ቆርቆሮዬ እንደ ድሮዋ ካር ካር ካር አለችብኝ፤ ጥርሴም ከጥርሴ ተጋጨ። እስከ ደንበኛዬ በር ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ እጅህን ይማርልኝ፣ መንገድህን ሁሉ ያለስልስልህ።

ከኋላህ ተቀምጣ ትምህርት ቤት የሄደችው ልጅህ