በወንድማቸው ሆድ የተመረመሩት የቀሲስ ምሥጋናው ወልደ ሰንበት የሕይወት ታሪክ

ቀሲስ ምሥጋናው ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጌ በላስታ፣ ገነተ ማርያም አጠገብ፣ ኅዳር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ተወለዱ። ብቻቸውን አልተወለዱም፤ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ሰውአገኝ ተከተላቸው። አሁን ይህን ወረቀት ይዞ በፊታችሁ የሚያነበው እሱ ነው። ቤተሰቡ የመረጠው አስጎብኚ ስለሆነና ድምፁ ስለሚሰማ ነው። እኔ ታላቅ እህታቸው መምህርት አገሬ ጽሑፉን ያሳተምኩት ዛሬ ጠዋት ስለሆነ ቀድሞ አላየውም። ሟቹ ታናሼ ቢሆኑም ካህን ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። ሰውአገኝን ግን አንተ እያልኩ ነው ያሳደግኩት፤ ዛሬም ከዚያ የበለጠ አያገኝም።

ሁለቱ አንድ ፍሬ ባቄላ ለሁለት የተፈለጠ ይመስሉ ነበር። ፊደልና ዳዊት የተማሩት ከአባታችን ነው። ቀሲስ የራሳቸውን ደግመው ሲጨርሱ ዞረው ይመጡና በሰውአገኝ ስም ይደግሙ ነበር፤ እሱ ተኝቷል። መሪጌታ የነቁ ቀን የትኛው እንደሆነ መለየት ስላቃታቸው ሁለቱንም ገረፉ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲገቡ ደግሞ የስምንተኛ ክፍልን ሒሳብ ሰውአገኝ ለቀሲስ ተፈተነላቸው። ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፤ ምነው ያን ቀን ጆሯቸውን በጠመዘዝኩት!

አባታችን በ1995 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመታቸው ሆዳቸውን ታመው፣ ደም እየፈሰሳቸው ሞቱ። ያን ጊዜ ቡዳ በላቸው ተባለ።

ቀሲስ በ1989 ዓ.ም. ዲቁና ተቀበሉ። በ1999 ዓ.ም. ወይዘሮ የትናየትን በተክሊል አገቡ፤ ማኅሌትንና ኢያቄምን ወለዱ። በ2000 ዓ.ም. ቅስና ተቀብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው በነአኩቶ ለአብ አገለገሉ። ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ ድሃ ሲቀበር ቀድመው ይደርሳሉ። ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ ግትርም ነበሩ። ለሌላው ቀኖና ሲሰጡ ፊታቸው አይፈታም፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ሰበብ አያጡም።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. መንትዮቹን ሁለቱንም መንጋጋቸውን አመማቸው። በዚያ ወር ለሁለት ሳምንት ላሊበላ መጥተው የነበሩት የጥርስ ሐኪም ዶክተር ሂሻም ራጅ አነሷቸው። በሁለቱም መንጋጋ ውስጥ ያልወጡ ትርፍ ጥርሶችና የአጥንት እብጠት ተገኘ፤ ቦታውም ልኩም አንድ። ዶክተሩ ሁለቱን ራጅ ጎን ለጎን ሰቅለው ብዙ ካዩ በኋላ ስለ ጥርስ አልጠየቁም። «አባታችሁ በምንድን ነው የሞቱት?» አሉ። አብሬ ነበርኩና የመለስኩላቸው እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ መንጋጋ ያለው ሰው ትልቁ አንጀቱ ውስጥ ትንንሽ እባጮች ሊኖሩት እንደሚችሉ፣ ሳይታከሙ ከቆዩም ካንሰር እንደሚሆኑ፣ ነገሩ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አስረዱን። ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሱም «መንታ ናችሁና በሽታው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ፍጥነቱ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ጋ ተኝቶ ሌላው ጋ ሊሮጥ ይችላል። ለየብቻ ትታያላችሁ፤ ሕክምናችሁም ለየብቻ ይታቀዳል» አሉ። ሁለት ሪፈር ጻፉ። እኔም እንድታይ አዘዙ፤ ታየሁ፤ የለብኝም።

ቀሲስ ደም ይታያቸው ስለነበር የእርሳቸው ቀጠሮ ቀደመ፤ ለታኅሣሥ ሆነ። የሰውአገኝ ለየካቲት ተቆረጠ። ቀኑ ሲደርስ ቀሲስ «ሰሞነኛ ነኝ፤ የቅዳሴ ተራዬን ጥዬ አልሄድም» አሉ። ሰሞነኛ መሆናቸው እውነት ነው፤ ሳምንታቸውን የሚይዝላቸው ቄስ ግን ሞልቶ ነበር። ምርመራው በመቀመጫ በኩል በሚገባ ቱቦ መሆኑን ሰምተው «ካህን ሆኜ ነርስ ፊት ልገለጥ?» ብለው ነው ያፈሩት። ሰውአገኝ መች ያጣዋል! «አንተ ቀድስ፤ እኔ እገባልሃለሁ። ያው አንድ ሆድ ነው» አለና የወንድሙን ካርድ ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ሆድ የሚያጥበውን መድኃኒት ጠጣ፣ በምሥጋናው ስም አልጋ ላይ ወጣ፣ በምሥጋናው ስም ታየ። ከሁለቱ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም።

ውጤቱ «ጥቂት ትንንሽ እባጮች፤ ካንሰር የለም፤ ዓመት ሳይሞላ ለቀዶ ሕክምና ይቅረብ» የሚል ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የቀሲስ፣ ሆዱ የሰውአገኝ። እኔ ሞኟ የገና ጾም ሲፈታ በግ አሳረድኩ። እናታችን እልል አሉ። ሰውአገኝ እልልታውን ቆሞ ሰማ፤ ሥጋውንም በላ። የየካቲት ቀጠሮውንም «የእኔም ያው ነው» ብሎ ቀረበት።

ድምፅህን አታውርድ፣ ሰውአገኝ። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

የቀሲስ ደም አልቆመም። ወይዘሮ የትናየት «ኧረ እንሂድ» ባሉ ቁጥር ያችን ወረቀት ከዳዊታቸው መሐል እያወጡ «ዓመት ተሰጥቶኛል» ይሏቸው ነበር። የታየው የእርሳቸው ሆድ አለመሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ግን አመኑባት። ይኼን እስከ ዛሬ ልረዳው አልቻልኩም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሆዳቸው ተነፍቶ እህል አላልፍ ሲላቸው ተሸክመን ወሰድናቸው። በታኅሣሥ የመረመሩት ሐኪም የድሮውን ወረቀትና አዲሱን ምስል አስተያይተው «ይህ የዛሬ ዘጠኝ ወር ያየሁት አንጀት አይደለም» አሉ። ካንሰሩ ጉበት ደርሷል። ቀና ሲሉ ያው ፊት በር ላይ ቆሟል። መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ሰውአገኝ እግራቸው ላይ ወደቀ። «እግሬን ተው። ወረቀቱ ያንተ ነው፤ አንጀቱም ያንተ ነው። የእሳቸው አልፏል፤ አንተ ግን ትድናለህ። ዓመቱ ሳይሞላ ና» አሉት። አልሄደም። ለመንነው፣ ሰደብነው፣ እናታችን ጡታቸውን ይዘው ለመኑት። «ወንድሜን ገድዬ እኔ ልዳን?» ይላል። ዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ሞላ፤ ዛሬ የካቲት ነው። አሁንማ እሱም ሆዱን ይይዛል። አታየኝም ብሎ ዞር ብሎ ነው የሚይዘው።

ቀሲስ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰውአገኝ እንዳይገባባቸው ከለከሉ። ደጅ ተቀምጦ ሲያለቅስ እየሰሙ በሩን አላስከፈቱም። ለምን ብላቸው «የገዛ ፊቴ ወፍሮ ሲያየኝ አልችልም» አሉኝ። ጨካኝ ነበሩ ትሉ ይሆናል። እኔም ጨካኝ ነኝ፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ግን ጠሩኝና ያችን ወረቀት በእጄ አድርገው «ስሜን ሰርዢ፤ የእሱን ጻፊበት። ሳልቀበር ካልሄደ ከመቃብሬ ይሂድ» አሉ። እያዩኝ ሰርዤ ጻፍኩ። አልጋው ላይ ጮኼ ያለቀስኩትም ያኔ ብቻ ነው።

ቀሲስ ምሥጋናው ሰኞ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጾመ ነነዌ መጀመሪያ ቀን፣ በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ማክሰኞ ይፈጸማል።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ማኅሌትና ኢያቄም ይመረመራሉ፤ እያንዳንዳቸው በየስማቸው፣ በየካርዳቸው፤ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። ሰውአገኝን ከቀሪዎቹ ጋር አልጻፍኩትም፤ መቅረቱ ገና አልታወቀም። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ እዩት። ስሙን ብቻ ቀይሬ ይህንኑ ወረቀት ለሁለተኛ ቀብር ላሳትመው እችላለሁ፤ ፊቱም ያው፣ አባቱም ያው፣ በሽታውም ያው። አላደርገውም! አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛውን ለመቅበር ጉልበት የለኝም። ዶክተር ሂሻም ትናንት በስልክ «አሁንም ተስፋ አለው፤ ግን አንድ ሳምንት እንኳ አታቆዩት» ብለውኛል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። መኪናው ከቅጽሩ በር ቆሟል። አስከሬኑ አፈር ሲለብስ ሰውአገኝ ወደ መኪናው እንጂ ወደ ለቅሶ ቤት አይሄድም፤ እኔ አብሬው እቀመጣለሁ።

የቀሲስ ምሥጋናውን ነፍስ እግዚአብሔር በደጋግ ካህናት ማኅበር ይደምርልን። አሜን የምትሉት ግን ሰውአገኝ የሚቀጥለውን አንብቦ ሲጨርስ ነው። አስከሬኑ ፊት ነው፤ ካህናቱ ይሰማሉ፤ እናቱ ይሰማሉ። ልዝለለው ቢል ወረቀቱ በሁላችሁም እጅ አለ፤ እያነበባችሁ አስደግሙት።

«እኔ ሰውአገኝ ወልደ ሰንበት ወንድሜን ምሥጋናውን በዝምታዬ ገድያለሁ። ሐሙስ በራሴ ስም፣ በራሴ ካርድ፣ በራሴ ሆድ ቀርቤ እታከማለሁ። ብቀር እሱን የተቀበለው አፈር እኔን አይቀበለኝ።»