ጃምቦ ሲወደድ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የጃምቦ ድራፍት ዋጋ ዛሬም ጨመረ። አዲሱን ዋጋ ጽፈው ድራፍት ቤቱ በር ላይ ለጥፈዋል። ሰበታ ቤት ከተከራየሁ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት ከጎረቤቴ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር እዚያ ነው የምንጠጣው። ሒሳብ ሲመጣ ሁሌ እንጨቃጨቃለን፤ «እኔ ቁጭ ብዬ አንተማ አትከፍልም!» ብለው እጄን ይይዙኛል።

ዛሬ በሩ ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም ወረቀቱን አነበብን።

«መድኃኒት ጀምሬ መጠጥ ተከልክያለሁ» አሉኝ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ይህንኑ ብያቸው ነበር የቀረሁት።

«እግዜር ይማርዎት» አልኳቸው።

«አንተንም ይማርህ።»

እሳቸው በዋናው መንገድ፣ እኔ በውስጥ ለውስጥ ወደ ቤት ገባን። ቤታችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ይኸው፣ ብቻቸውን ሬዲዮ ሲከፍቱ ይሰማኛል።